ጤዛ ያላጠበው ፊት

ዴሊያ ጊልሁሊ ስትወለድ ፊቷ እንደ ማንኛውም የኖክራ መንደር ሕፃን ንጹሕ ነበር። ነገሩ የመጣው በሦስተኛው በጋዋ ነው። እናቷ ኦና ድንች ስትኮተኩት ልጅቷን ማሳው ዳር አስቀምጣት ውላ ወደ ቤት ስትመልሳት፣ አፍንጫዋ ላይ ሰባት ቡናማ ነጥቦች አገኘች። ጣቷን በምራቋ አርሳ ፈተገቻቸው። አልለቀቁም። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሆኑ። ሳምንት ሳይሞላ ኦና መቁጠሩን ተወችው።

እንግሊዝኛው «ፍሬክል» የሚለው ይኸንኑ እኛ ጠቃጠቆ የምንለውን ነው። ብጉር አይደለም፣ አያብጥም። ችፌ አይደለም፣ አያሳክክም። ማድያትም አይደለም፣ እርግዝና አይጠብቅም። ቀይ ፀጉርና ስስ ቆዳ ያለው ሰው ፀሐይ ሲነካው የሚያወጣው፣ በበጋ ደምቆ በክረምት የሚደበዝዝ ነጥብ ነው። በሽታ ስላልሆነ መድኃኒት የለውም። ያም ሆኖ መድኃኒቱን አላውቅም የሚል ሰው በኖክራ ተፈልጎ አይገኝም ነበር።

ደግሞ ቃሉን ለፊት ብቻ አልነበረም የሚጠቀሙበት። ካፊያ አቧራውን ሳያርስ ነጠብ ነጠብ አድርጎት ካለፈ «ዝናቡ መንገዱን ጠቃጠቆ አስወጣው» ይላሉ። አሮጌ መስታወት ጠቃጠቆ ያወጣል፤ እርጥበት የነካው የጸሎት መጽሐፍም እንዲሁ። ፖም ቆዳው ላይ ጠቃጠቆ ካላወጣ አልጣፈጠም ብለው ይተዉታል። ለዕቃና ለፍሬ ሲሆን ቃሉ የፍቅር ነው። ሴት ልጅ ፊት ላይ ሲያርፍ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ምልክት ያለው ሰው ማርያም ስማዋለች ይባላል አይደል? ዴሊያን ግን ስማ ስማ አልጠገበቻትም ነበር። ግንባር፣ ጉንጭ፣ አንገት፣ ክንድ፣ የጆሮዋ ጫፍ ሳይቀር። ተማሪ ቤት «የተርኪ እንቁላል» ይሏት ነበር፤ ያቺ ጓሮ ለጓሮ የምትጎማለለው ትልቅ ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ከዳር እስከ ዳር ጠቃጠቆ ነውና።

ኦና ያልሞከረችው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጇን ምድጃ አጠገብ አስቀምጣ ፊቷን በአሬራ ትቀባታለች። አሬራው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ፊቷን ይወጥራታል፣ ድመቷ መጥታ ልትልሳት ትታገላለች፤ ሲታጠብ ጠቃጠቆው እንዳለ ነው። እንዲያውም ጥርት ብሎ ይወጣል። አባቷ ግን ይስቅ ነበር። «ተያት ኦና፣ ገበያ ላይ ብትጠፋብን በቀላሉ ነው የምናገኛት» ይላል። ምን ያድርግ፣ ወንድ ነው፤ ስለ ሴት ልጅ ፊት ሲሉት ስለ ከብት ይመስለዋል።

ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ ልጃገረዶች ጠቃጠቆ በእርሳስ ፊታቸው ላይ ይሥላሉ ሲሉ ሰምቼ ሳቄን መያዝ አቅቶኛል። የጎረቤታቸው የቢና ማክጋሪ መናጫም፣ ያ በክዳኑ መሐል ዘንግ ሽቅብ ቁልቁል እየተመታ ወተት የሚናጥበት የእንጨት በርሜል፣ ዛሬ አንድ መጠጥ ቤት ደጃፍ ቆሞ አበባ ተተክሎበታል፤ አላፊ አግዳሚው ፎቶ ይነሣበታል። ያን መናጫ ባየሁት ቁጥር ግን እኔ የሚታየኝ አበባው አይደለም። ዴሊያ ናት፣ በዝናብ ደጅ ቆማ።

ቢና ማክጋሪ ከጊልሁሊዎች ቤት በአንድ የድንጋይ ካብ ብቻ የምትለይ ጎረቤት ነበረች። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ፊንታንን ይዛ፣ አራት ላሞቿን ይዛ፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት። በቅቤዋ ከኖክራ እስከ ሐይቁ ማዶ ትታወቃለች። ሁለቱ ቤቶች በመልካም ጉርብትና ነበር የሚኖሩት፤ አንዷ ስትንጥ ሌላዋ ከደረሰች ዘንጉን ተቀብላ ሳትንጥ አትወጣም። ይህ በኖክራ ሕግ ነው። ወተት እየተናጠ ቤት የገባ ሰው ማንም ይሁን ማን «እግዚአብሔር ሥራውን ይባርክ» ብሎ ዘንጉን ይዞ ጥቂት ሳይመታ ከወጣ የቅቤውን በረከት ይዞት ይሄዳል። ቄሱም ይንጣሉ፣ ፖስተኛውም ይንጣል፣ ድስት ጠጋኙም መንገዱን አቋርጦ ይንጣል።

ዴሊያ ሃያ ዓመት ሲሞላት ፊንታን ማክጋሪ ሃያ ሦስት ነበር። ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም። ዝምተኛ፣ ትከሻ ሰፊ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ። ዴሊያ ግን እሱ በካቡ ላይ ተደግፎ «እንዴት አደራችሁ» ባለ ቀን እስከ ማታ ሥራ አይከብዳትም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ታዲያ በዚያ ሚያዝያ የመምህሩ የእኅት ልጅ፣ ኢሜልዳ የምትባል፣ ከከተማ መጣች። ፊቷ እንደ ወተት ነጭ፣ አንድ ነጥብ የሌለበት። ልብስ ሰፊዋ ኬት የዴሊያን ቀሚስ ወገብ እየለካች፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች፣ «ፊንታን ማክጋሪ እሑድ ያቺን ልጅ እያየ ቅዳሴው አመለጠው አሉ» አለቻት።

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ። አንቺ ምን አገባሽ?»

«ምንም አያገባኝም። ወገቡን አታጥብቂው።»

ኬት መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች። ሞኝ አልነበረችም። «ስሚ ልጄ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሬራውን ተይው። የሜይ መባቻ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ማንንም ሳታናግሪ፣ ፊትሽን በጤዛ ታጠቢ። በጨርቅ አታድርቂው፣ በራሱ ይድረቅ። በቁመቴ ልማልልሽ፣ የሜይ ጤዛ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም።»

እንግዲህ የሜይ መባቻ፣ የፈረንጆች ግንቦት የሚገባበት ዕለት፣ በኖክራ እንደ ሌላው ቀን አይደለም። በዚያ ጠዋት ከቤት እሳት አይሰጥም፣ ጨው አይበደርም፣ አመድ አይደፋም። ምክንያቱም የሰው ቅቤ የሚሰረቀው በዚያ ጠዋት ነው። መተተኛዋ ሴት ጎህ ሳይቀድ ወደ ጎረቤቷ መስክ ትገባለች፤ ጨርቅ በጤዛው ላይ ትጎትታለች፤ «ሁሉም ወደ እኔ፣ ሁሉም ወደ እኔ» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ የዚያች ጎረቤት ወተት ቢንጡት ቢንጡት ውሃ ነው፤ ቅቤው ከሌባዋ መናጫ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እንደ ቢና ያለች ባለ ቅቤ ያን ዕለት አትተኛም። ሻሏን ደርባ መስኳ ዳር ቆማ ታነጋለች።

ዴሊያ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አብሯት ያደገ ነገር ነው። ግን በዚያ ጠዋት በአእምሮዋ ከፊቷ በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። በፍታ ጨርቅ ይዛ ወደ ራሳቸው መስክ ወጣች፤ በጎች ግጠው ግጠው ሣሩን ከመሬት አስተካክለውታል። ጤዛው እጅ የሚያረጥብ እንኳ አይደለም። ከካቡ ማዶ የቢና መስክ ሣሩ እስከ ጉልበት ቆሞ ጤዛው ነጭ ሆኖ ተኝቶበታል። አየችው። ወደ ኋላዋ ተመለከተች። ካቡን ዘለለች።

ጨርቁን በሣሩ ላይ ስባ ስባ ፊቷ ላይ ጨመቀችው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ በአንገቷ ገብቶ እስከ ሆዷ ወረደ። እንደገና ሳበች። ሦስተኛውን ልትጨምቅ ቀና ስትል ቢና ማክጋሪ መስኩ ዳር ካለ እሾኻማ ዛፍ ሥር ቆማ ታያታለች።

ቢና አማተበች። ድምፅዋ ሲወጣ የሐይቁ ዳክዬዎች ተነሡ። «አንቺ! የኦና ልጅ! አንቺ ነሽ?»

ዴሊያ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ፣ «ፊቴን ልታጠብ ነው» ብትል ኖሮ፣ ይህ ታሪክ እዚሁ ላይ ያልቅ ነበር። ግን ኬት ማንንም ሳታናግሪ ብላታለች። ደግሞ እንዴት ብላ ትበለው? ለማን ብላ ነው የምትታጠበው? ለእሷው ልጅ! ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ፤ እርጥቡን ጨርቅ ደረቷ ላይ አቅፋ ካቡን ዘላ ሮጠች። የቅቤ ሌባ የምትሮጠውም ልክ እንደዚያው ነው።

በሳምንቱ የቢና መናጫ እምቢ አለ። አንድ ሰዓት ናጠች፣ ሁለት ሰዓት ናጠች፤ አረፋ ብቻ። በሚቀጥለው ሳምንትም አረፋ። የጊልሁሊዎች ላም ደግሞ አዲስ ወልዳ ስለነበር ኦና ቅቤ በቅቤ ሆነች። ቢና በመስኳ ያየችውን ለአገር ሁሉ ተናግራለች፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ማንም ፊት ለፊት ሌባ አላላቸውም፤ ኖክራ እንዲህ ያለ ባለጌ አገር አይደለም። ዝም ብሎ ሰው መምጣት ተወ። ኦና ስትንጥ በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ሰፋባቸው። ኦና ቅቤዋን ይዛ ሱቅ ስትሄድ ባለሱቁ «ዛሬስ አለን» ይላት ጀመር። ልጇ ለምን የቢና መስክ እንደገባች ስትነግራት አለቀሰች፤ የአሬራውን ቅዳሜዎች ሁሉ ራሷ እንደ በደለች ቆጠረቻቸው።

«ሄደሽ ንገሪያታ» አለቻት።

«ከምነግራት ብሞት ይሻለኛል» አለች ዴሊያ። በዚያ ዕድሜ ሰው መሞትን እንዲህ በቀላሉ ነው የሚጠራው።

ፊንታን የመጣው በነሐሴ፣ ድርቆሽ ሲሰበሰብ ነው። መንሹን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቆቡን አውልቆ፣ እግሩን እያየ ቆመ። ዴሊያ ሰፊ ባርኔጣዋን ወደ ዓይኗ አወረደች።

«ዴሊያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።»

«ጠይቅ።»

«ያን ቀን እኛ መስክ ላይ ምን ታደርጊ ነበር?»

አራት ወር ሙሉ ይህን ጥያቄ በልቧ ስትመልስ ከርማ ነበር፤ ሁልጊዜም የምትመልሰው በኩራት ነበር። አሁን ግን ደክሟታል። «ፊቴን ልታጠብ ነው» አለች።

«ፊትሽን?»

«ጠቃጠቆዬን። እንዲጠፋ። አሁን ሳቅብኝና ሂድ።»

አልሣቀም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እኔ'ኮ» አለ፣ «ቅቤውን ወስደሽዋል ብዬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ ነበር የመጣሁት። ንግግሩን ከጠዋት ጀምሮ ስለማመድ ነው የዋልኩት።»

«ይቅር ልትለኝ?»

«አዎ። ቅቤ ብትወስጂም አገባሻለሁ ልልሽ ነበር።»

«ኢሜልዳስ?»

«ያቺ የተላጠች ድንች?» አለ ፊንታን፤ ዓይኑም ጠፋ።

እንዲህ ነው የተጫጩት። ለቢና መንገሩ ግን ሌላ ነገር ነበር። ፊንታን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ነገሩን እንዳለ ነገራት። ቢና እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ፣ ስለ ዝናብና ስለ በሬ እንደምታወራ ሁሉ፣ በእርጋታ «እንግዲያው ጠቃጠቆው የታለ?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጠፍቷል ወይ ነው የምልህ። ትናንት መንገድ ላይ አይቻታለሁ፣ እንደ ተርኪ እንቁላል ነው ፊቷ። የሜይ ጤዛ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። እናቴን አላሳፈረም፣ አክስቴን አላሳፈረም። ፊቷን ታጥባበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፊቷ እንደ ወተት ነበር። አልታጠበችበትማ! ለሌላ ነው የፈለገችው።»

እናቱን በእምነቷ ገብቶ ማሸነፍ አይቻልም፤ ከውጭ ደግሞ በር የለውም። በመጨረሻ ቢና አንድ ነገር ብቻ አለች። «ካልክ አግባት። ላሞቹን ትለብ፣ ዳቦ ትጋግር፣ ቤቱ ቤቷ ነው። መናጫዬን ግን አትነካም። እኛ ስንንጥ ደጅ ትወጣለች።»

ፊንታን ይህን ለዴሊያ የነገራት አፍሮ ነበር። ዴሊያ ትንሽ አሰበች። «ዝናብ ሰው አያሟሟም» አለችና አገባችው።

ማክሰኞና ዓርብ ነበር የሚናጠው። ቢና ክዳኑን ስታነሣ ዴሊያ ሻሏን ከችንካሩ ላይ ወስዳ ትወጣለች። በጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ከማገዶው ክምር አጠገብ ትቆማለች። ፖስተኛው ይመጣል፣ «እግዚአብሔር ሥራውን ይባርክ» ብሎ ይገባል፣ ዘንጉን ይመታል፣ ሲወጣ ቆቡን ነካ አድርጎላት ያልፋል። አህያ ነጂው ይገባል። ስሙን የማያውቁት መንገደኛ ይገባል። ልጆቿ አምስት አምስት ዓመት ሲሞላቸው በተራ ይገባሉ። በዚያ ቤት ዘንጉን ያልያዘ ፍጡር ቢኖር እሷና ድመቷ ናቸው።

የመጀመሪያ ልጇ አንድ ዓርብ በሩ ላይ ቆማ «እማ፣ ለምን አትገቢም?» አለቻት።

«ሙቀት አልወድም።»

«ታዲያ ለምን ትንቀጠቀጫለሽ?»

«ሂጂ ግቢ፣ ቅቤው ቀረበ።»

ቀርቦም ነበር። ደጅ ቆማ ጆሮዋ ሠልጥኗል። ዘንጉ መጀመሪያ ከባድና ደንቆሮ ድምፅ አለው፤ ከዚያ ይቀላል፤ ቅቤው ሊሰባሰብ ሲል ደግሞ ጭልጥ ጭልጥ የሚል ውሃማ ድምፅ ያወጣል። ዴሊያ ከውስጥ ካሉት ቀድማ ታውቀው ነበር። ይህን ማወቋ ያኮራት ነበር፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

በጋብቻዋ በሁለተኛው ዓመት የቢና ቅቤ እንደ ድሮው ተመለሰ፤ ወርቅ የመሰለ፣ ብዙ። የኖክራ ሰው ይህንንም ለዴሊያ አልቆጠረላትም። «ሌባዋ ቅቤውን ከነራሷ መልሳ አመጣችላት» አሉ። ኦና ይህን ሰምታ ነው የሞተችው፤ ያ ነው ዴሊያን ከሁሉ የሚያንገበግባት። እናቷ እስከ መጨረሻዋ ቀን ቤተ ክርስቲያን የገባችው ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ፣ የወጣችውም ሰው ሁሉ ሳይወጣ ነበር።

ጠቃጠቆው ደግሞ በየዓመቱ እየመጣ ይመሰክርባታል። በክረምት ይደበዝዛል፤ ፊቷ ይነጣል፤ ቢናም ለስለስ ትላለች፣ ሻይ ስትቀዳ ለእሷም ትቀዳላታለች። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ብቅ ሲል መጀመሪያ አፍንጫዋ፣ ከዚያ ጉንጯ፣ ከዚያ ሁሉም ይፈነዳል። ቢና ቀና ብላ ታያትና ፊቷን ታዞራለች። ዴሊያ በበጋ ያን ሰፊ ባርኔጣ ከራሷ የማታወርደው ለውበት ብላ አልነበረም። ለውበት ማሰብ ካቆመች ቆይታለች፤ ክሱ እንዳይታደስ ብላ እንጂ።

እንዲህ አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ። የሚገርመው ደግሞ መጥፎ ዓመታት አልነበሩም። ፊንታን ደግ ባል ነበር። ቢናም ልጆቹ ሲታመሙ ዴሊያ እንድትተኛ ብላ ራሷ ተቀምጣ ታነጋ ነበር። አብረው ድንች ይልጣሉ፣ አብረው መቁጠሪያ ይደግማሉ፣ በጎረቤት ላይ አብረው ይስቃሉ። ዴሊያ ኋላ ስታረጅ ያን ዘመን ስታነሣ ድምፅዋ ይለሰልስ ነበር። ያ አንድ ነገር ብቻ ባይኖር! ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ባይኖር።

በመጨረሻው ዓመት ቢና ዓይኗን ሞራ ሸፈነባት፣ ክንዷም ደከመ። ግን ዘንጉን አሳልፋ አትሰጥም። አንድ ሞቃት የሰኔ ማክሰኞ ፊንታን ደርቆ ማገዶ የሚሆን ጥቁር አፈር ሊቆርጥ ወደ ረግረጉ ሄዷል፣ ልጆቹ ተማሪ ቤት ናቸው፣ መንገደኛ የለም። ዴሊያ እንደ ልማዷ ደጅ ቆማ ትሰማለች። ዘንጉ ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል። ድምፁ ያው ደንቆሮ ነው። ወተቱ ሞቋል፣ ዴሊያ ከድምፁ አውቃዋለች። ግማሽ ሰዓት ታገሠች፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ታገሠች። ውስጥ ቢና ታለከልካለች።

«ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩበት!» አለች ዴሊያ በበሩ ላይ።

ዘንጉ ሁለቴ መታና ቆመ።

«ሞቋል እኮ እማማ! ይበላሻል!»

ከዚያ የቢና ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። «ነይ ግቢ።»

ዴሊያ የጉድጓድ ውሃ በባልዲ ይዛ ገባች። ወተት እየተናጠ ስትገባ በአሥራ ሰባት ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወጥ ቤቱ ራሱ ሌላ ሰው ቤት መሰላት። ውሃውን በጥቂቱ ጨመረች። ከዚያ ቆማ ጠበቀች። ገብቶ ሳይንጡ መውጣት እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ቢና ዘንጉን ዘረጋችላት።

ናጠች። ክንዷ ደጅ ቆማ የሰማችውን ሁሉ ያውቀው ነበር። ድምፁ ቀለለ፣ ከዚያ ውሃማ ሆነ፣ ቢናም ራሷን ነቀነቀች። ክዳኑን አነሡት። ቢና ጣቷን ሰዳ ዳበሰች፤ ቅቤው እንደ ስንዴ ፍሬ ተሰባስቧል።

«ወጥቷል» አለች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ዴሊያ፣ አልወሰድሽውም።»

«ምኑን?»

«ቅቤዬን። አውቃለሁ። ካገባሽው በኋላ በሁለተኛው ክረምት ነው ያወቅሁት። በርሜል ሠሪው መጥቶ የመናጫውን የብረት ቀለበት ቢያወጣው ወለሉ በስብሷል። አፍንጫውን ያዘ። እኔ ቢና ማክጋሪ በቆሸሸ መናጫ ነበር ስንጥ የከረምኩት! በድብቅ አዲስ ወለል አስገጠምኩት፣ ቅቤውም መጣ። በርሜል ሠሪውን በእናቱ ስም አስምዬው ነበር፤ እሱም ሞተ።»

ዴሊያ ዘንጉን እንደያዘች ቀረች። «ያወቁት በሁለተኛው ክረምት ነው?»

«አዎ።»

«ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት በዝናብ ያቆሙኝ እያወቁ ነው?»

«ምን ብዬ ልጀምር?» አለች ቢና። «ለአገር ሁሉ ተናግሬያለሁ። ቆሻሻ ነኝ ልበል? ዛሬ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ዓመቱ ሄደ። ሻልሽን አንሥተሽ በወጣሽ ቁጥር ልጠራሽ እልና መልሼ ዘንጉን እመታ ነበር።»

ዴሊያ ተናደደች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተናዳ አታውቅም። ዘንጉን ወርውራ ልትወጣ እግሯን አነሣች፤ ከዚያ ግን እሷም በዚያ ጠዋት አንድ ቃል ያልተናገረችው በኀፍረት መሆኑ ታሰባት። ቁጣው አልሄደም፤ ብቻ የሚቀመጥበት ቦታ አጣ።

«በአገር ፊት የተናገሩትን በአገር ፊት ይመልሱልኝ» አለች።

«እሑድ» አለች ቢና።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወንዶቹ ግንቡን ተደግፈው በሚያወሩበት በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ቢና ማክጋሪ የዴሊያን ክንድ ይዛ ቆመች። በትሯን መሬት ላይ መታች። «ስሙኝ!» አለች። «የኦና ጊልሁሊ ልጅ ቅቤዬን አልወሰደችም። የቆሸሸው የኔ መናጫ ነበር። ፊቷን ልትታጠብ ነው መስኬ የገባችው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አንድ ጎረምሳ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ምን አለች?» አለ።

«ስለ ቅቤ መሰለኝ።»

«ልትሸጥ ነው?»

ወጣቶቹ ወተታቸውን በመኪና ወደ ወተት ፋብሪካ የሚልኩ ናቸው፤ በቤታቸው መናጫ አያውቁም። ኬት ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው። ኢሜልዳ እንግሊዝ አገር አግብታለች። ያ ባለሱቅ ሱቁን ሸጦ ሄዷል። ሽማግሌው ጂሚ ሞራን ብቻ ባርኔጣውን አንሥቶ «እግዚአብሔር ይስጥሽ ቢና፤ እኛስ አሁን ከሱቅ ነው የምንገዛው» አለና ወደ ወሬው ተመለሰ።

ዴሊያ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በልቧ ስትሠራው የኖረችው ቀን ይህ ነበር። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሊያፍር የሚችል ሰው አልነበረም። ልቧ ባዶ ሆነ፤ ልታለቅስ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ለራሷም አልገባትም።

ቢና ክንዷን ጨበጠቻት። ዓይኗ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አያይም። «ሰሙኝ? ምን ይላሉ? ፊታቸው እንዴት ነው?»

«ሰምተዋል» አለች ዴሊያ። «አንድም ሰው ሳይቀር። ባርኔጣቸውን አወለቁልዎ።»

ቢና በትሯን ከመሬት አነሣች። ከዚያ «ኦናስ?» አለች። «ኦና የት ነው ያለችው?»

ዴሊያ አሮጊቷን በክንዷ ይዛ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በእርጥቡ ሣር መካከል፣ ቀስ እያደረገች ወሰደቻት። መቃብሮቹን አንድ ሁለት እያሉ አልፈው ከግንቡ ሥር ቆሙ። ቢና እጇን ሰዳ የኦናን መቃብር ድንጋይ ጫፍ ዳበሰች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ኦና በመጨረሻ ዘመኗ ጆሮዋ ይከብድ ነበርና፣ ቢና በበሩ ላይ ከተናገረችው ይበልጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው ተናገረች።